ፓክማን ወይስ አፕት? የትዕዛዝ አጻጻፍ ክርክር ከነመልሶቹ

መነሻ ጽሑፍ

ሰላም ጎበዝ። ዙሪያ ጥምጥም ሳልሄድ ልናገር። ከሊኑክስ ፓኬጅ ማኔጀሮች (ፕሮግራም አውርደው ከሚጭኑ፣ ከሚያድሱና ከሚያጠፉ መሣሪያዎች) ሁሉ የትዕዛዝ አጻጻፉ የሚሻለው የአርች ሊኑክሱ ፓክማን ነው። አዎ፣ ያ ሁሉም ሰው ፊደል ብቻ ነው እያለ የሚያማው።

ምክንያቴ ይኸው። ፓክማን አንድ ትዕዛዝ ነው። ከሰረዙ ቀጥሎ የምትመጣው ትልቋ ፊደል ነገሩ የት እንደሆነ ትናገራለች። ኤስ ከሆነች ጉዳዩ ከኢንተርኔት ማከማቻው ጋር ነው። ኪው ከሆነች ማሽንህ ላይ የተጫነውን ትጠይቃለች። አር ታጠፋለች። ዩ ቀድመህ ያወረድከውን ፋይል ትጭናለች። ኤፍ ደግሞ አንድ ፋይል በየትኛው ፓኬጅ ውስጥ እንዳለ ትፈልጋለች፣ ፓኬጁ ባይጫንም። ከዚያ ትንንሾቹ ፊደሎች ዝርዝሩን ይጨምራሉ። «ፓክማን -ኤስ-አይ» ማከማቻ ውስጥ ስላለው ፓኬጅ ይነግርሃል፣ «-ኪው-አይ» ስለተጫነው። «-ኪው-ኦ» ብለህ የፋይል አድራሻ ብትሰጠው ፋይሉን ያመጣውን ፓኬጅ ይነግርሃል። በቃ። (በእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ ስለሌለ የመጀመሪያዋን ትልቅ፣ ተከታዮቹን ትንሽ አድርጋችሁ አንብቡልኝ።)

አሁን ወደ ዴቢያንና ኡቡንቱ ኑ። መጫን በ«አፕት»። ይህ ፋይል ከየት መጣ ስትል «ዲፒኬጂ -ኤስ»። ፓኬጁ ካልተጫነ ግን «አፕት-ፋይል»፣ እሱም ራሱ ለብቻው መጫን አለበት። አንድ ፓኬጅ ባለበት እንዲቆይ ከፈለግህ «አፕት-ማርክ ሆልድ»። ከየትኛው ማከማቻ እንደሚመጣ ለማየት «አፕት-ካሽ ፖሊሲ»። ስክሪፕት ስትጽፍ ደግሞ «አፕት-ጌት» ተጠቀም ትባላለህ። ስንት በር ነው የማንኳኳው?

ቤት ያለው ላፕቶፔ አርች ነው። የሥራ ቦታ ሰርቨሮቹ ዴቢያን ናቸው፣ ኮንቴይነሮቹ አልፓይን። ጣቴ ቀኑን ሙሉ ይምታታበታል። ጥያቄዬ፦ ለጀማሪ የትኛውን ታስተምራላችሁ? ከአንዱ ማሽን ወደ ሌላው ስትሄዱስ የሚያደናቅፋችሁ ምንድን ነው?

*(ክሩ ስለረዘመ የመጣውን መልስ በተራው አሳጥሬ ከታች አስቀምጫለሁ። አዲስ የምትገቡ ሁሉንም ከማገላበጥ ትድናላችሁ።)*

1ኛ። በጣም በትሕትና የጀመረ ሰው ነው፣ ኮሌጅ ውስጥ ኮምፒውተር ያስተምራል። ለጀማሪ ያለ ጥርጥር አፕት ይላል። ተማሪዎቹ «አፕት ኢንስቶል»ን ሳይነገራቸው ይገምቱታል፣ «አፕት ሪሙቭ»ንም እንዲሁ። «ፓክማን -አር-ኤን-ኤስ»ን ግን ከነሙሉ ትርጉሙ የሚገምት ተማሪ እስካሁን አልገጠመውም። ፓኬጁን፣ ሌላ የማይፈልጋቸውን ተከታዮቹንና የሴቲንግ ፋይሎቹን አብሮ ማጥፋት ማለት ነው። በአፕት ይህንኑ በ«ፐርጅ» እና በ«አውቶሪሙቭ» ከፋፍሎ ያስተምረዋል፣ ከፋፍሎ ማስተማሩም ይጠቅማል ባይ ነው።

2ኛ። አራሚው መጣ። ትንሿ ኤስ «-ኤስ-ኤስ» ላይ መፈለግ ናት፣ «-አር-ኤስ» ላይ ግን ተከታዮቹን አብሮ ማጥፋት። ትንሿ ኤልም «-ኪው-ኤል» ላይ የአንድ ፓኬጅ ፋይሎችን ትዘረዝራለች፣ «-ኤስ-ኤል» ላይ ደግሞ የማከማቻውን ፓኬጆች። ስለዚህ ወጥ ነው የሚለው ወሬ ትልልቆቹ ፊደሎች ላይ ያበቃል አለ። ልክ ነው፣ እኔም ያመሰገንኩት ትልልቆቹን ነው። ግን ፊደል ብቻ ነው ለሚሉትም አንድ ነገር አስታወሳቸው። ፓክማን ረጅሙንም አጻጻፍ ይቀበላል። «--ሲንክ --ሪፍሬሽ --ሲስአፕግሬድ» ብለህ በሙሉ ቃል ብትጽፍ ማንም አይከለክልህም። የሚጽፈው ሰው ግን የለም።

3ኛ። ክሩ የከረረው እዚህ ላይ ነው። ሰውዬው ስለ ፊደልና ቃል የምናወራው ሁሉ የሥራ ፈት ወሬ ነው አለ። ሰው የሚጎዳው አንድ ቃል በየቤቱ የተለየ ሥራ ሲሠራ ነው። «አፕት አፕዴት» ዝርዝሩን ብቻ ያድሳል፣ አንድ ፓኬጅ አይነካም። የአልፓይኑ «ኤፒኬ አፕዴት»ም እንደዚያው። የፌዶራና የሬድሃት ቤተሰቡ «ዲኤንኤፍ አፕዴት» ግን ፓኬጆቹን ራሳቸውን ይቀይራል፣ የ«አፕግሬድ» ሌላ ስም ነውና። የኦፕንሱዜው «ዚፐር አፕ» እና «ፍላትፓክ አፕዴት» ይቀይራሉ። ማክ ላይ ያለው «ብሪው አፕዴት» የፓኬጆቹን ዝርዝርና ሆምብሪውን ራሱን ያድሳል እንጂ የጫንካቸውን ፕሮግራሞች አይነካም።

ከዚያ የደረሰበትን ጻፈ። ለኡቡንቱ የተጻፈ የሌሊት ስክሪፕት ነበራቸው። አዲስ የመጣው ሰርቨር የሬድሃት ቤተሰብ ስለነበር አንድ ባልደረባው «አፕት»ን በ«ያም» ተክቶ ሌላውን እንዳለ ተወው። «አፕዴት -ዋይ» («-ዋይ» ሳትጠይቅ ቀጥል ማለት ናት) የሚለው መስመር ኡቡንቱ ላይ ዝርዝር ከማደስ ሌላ ምንም አያደርግም ነበር። አዲሱ ሰርቨር ላይ ግን የሲስተሙን እምብርት ከርነሉን ጨምሮ ያገኘውን ሁሉ ቀይሮ አደረ። ጠዋት ስልኩ ሲጮህ ማንም «አፕዴት» የምትለዋን ቃል አልጠረጠረም።

እኔ ከመልሶቹ ሁሉ ለሁለተኛው ጥያቄዬ በቀጥታ የመለሰው ይህ ነው እላለሁ።

4ኛ። ያለ ሰላምታ ገባ። በሌሊት ስክሪፕት ላይ «-ዋይ» የጻፈ ሰው ያጨደው የዘራውን ነው፣ ፓኬጅ ማኔጀሩን አትክሰስ ብሎ 3ኛውን ወረደበት። ንግግሩ ጎረበጠኝ፣ ግን ቁም ነገር ጣል አድርጓል። ዲኤንኤፍ ላይ ሳይነኩ ለማየት ብቻ «ዲኤንኤፍ ቼክ-አፕዴት» አለ። እሱም የራሱ ወጥመድ አለው። የሚታደስ ነገር ካገኘ ሲጨርስ የሚመልሰው ቁጥር 0 ሳይሆን 100 ነው። ስክሪፕትህ በትንሽ ስህተት እንዲቆም ካዘዝከው ስህተት የተፈጠረ መስሎት እዚያው ቀጥ ይላል። ይህንን ሳያውቅ ግማሽ ቀን ሎግ ሲያነብ የዋለ ካለ እጁን ያውጣ አለ። ብዙ እጅ ወጣ።

5ኛ። ጋሼ የምንላቸው አንጋፋ አባላችን ገቡ። አፕት ለምን ብዙ በር አለው ላልኩት የመለሱት በታሪክ ነው። ዲፒኬጂ እ.ኤ.አ. የ1994 ልጅ ነው። እጅህ ላይ ያለውን ፋይል ይጭናል እንጂ የጎደለውን ሄዶ አያመጣም። «አፕት-ጌት» በ1999 ከዴቢያን 2.1 ጋር ሲመጣ ከዲፒኬጂ በላይ ተቀመጠ እንጂ አልተካውም። «አፕት» የሚለው አጭር ትዕዛዝ በ2014 የመጣው የ«አፕት-ጌት» እና የ«አፕት-ካሽ» የዘወትር ሥራዎችን ለሰው በሚመች መልክ ለመሰብሰብ ነው። ለዚህም ነው የ«አፕት»ን ውጤት ወደ ሌላ ፕሮግራም ስታስተላልፍ አጻጻፌ ሊቀየር ይችላል፣ ስክሪፕት ውስጥ ስትጠቀመኝ ተጠንቀቅ የሚል መስመር የሚያወጣው።

የሬድሃት ወገንም ከዚህ አያመልጥም አሉ። ያም የተወለደው የሎው ዶግ ለሚባለው የፓወርፒሲ ሊኑክስ ከተሠራ ማደሻ ነው፣ በዱክ ዩኒቨርሲቲ ሴት ቪዳልና ጓደኞቹ አሻሻሉት። ፌዶራ በ2015 በ22ኛው እትም ወደ ዲኤንኤፍ ዞረ። በ2024 በ41ኛው እትም ደግሞ ዲኤንኤፍ 5 ቦታውን ተካ። ልዩነቱ፣ እነሱ አሮጌውን ስም ለአዲሱ መጠሪያ አድርገው አቆዩት። «ያም» ብለህ ብትጽፍ ዛሬም ይሠራል። ዴቢያን ግን ሁሉንም በሮች ክፍት ትቷቸዋል። ጋሼ ሁሌም እንደዚህ ናቸው፣ ሳይሰድቡ ያስተምራሉ።

6ኛ። አንድ ወንድማችን ርዕሱን አይቶ የትኛው ፓኬጅ ለወር ይሻላል ብሎ ጠየቀ። የኢንተርኔት ፓኬጅ መስሎት ነው። ለሳቁ ማቆሚያ አልነበረውም።

7ኛ። ሳቁ ግን ቁም ነገር ወለደ። በሞባይል ዳታ የሚሠራ ልጅ፣ 6ኛው ሳያውቅ ትክክለኛውን ጥያቄ ነው የጠየቀው አለ። አፕት «አፕዴት» ካላልከው በቀር ሰርች ስታደርግ ምንም አያወርድም። ዲኤንኤፍ ግን አንድ ፓኬጅ እንኳ ልፈልግ ስትል ዝርዝሩ ጊዜው ካለፈ መጀመሪያ እሱን ያወርዳል፣ ፌዶራ ላይ የማደሻው ማከማቻ ዝርዝር የተቀመጠለት ዕድሜ 6 ሰዓት ብቻ ነው። መፍትሔው ትልቁ ሲ ነው፤ «ዲኤንኤፍ -ሲ ሰርች» ብትለው ያለውን ይዞ ይፈልጋል። የተቀየረውን ክፍል ብቻ የሚያወርደው ዴልታ አርፒኤምም ከፌዶራ 40 ጀምሮ ቀርቷል። ኢንተርኔት ካለበት ቦታ አውርዶ ቤት መጫን ለሚፈልግ «አፕት-ኦፍላይን» የሚባል መሣሪያ አለ፣ የሚያስፈልገውን ዝርዝር በፍላሽ ይዘህ ሄደህ ፓኬጆቹን ይዘህ ትመለሳለህ። አርች ላይ ደግሞ ዳታ ለመቆጠብ ሙሉውን ሳያድስ «ፓክማን -ኤስ-ዋይ» ብሎ የፈለጋትን አንዲት ፓኬጅ ብቻ እንደሚጭን ጨመረ።

8ኛ። ኧረ በናትህ ተው የሚል ሰው ደርሶ ጮኸ። ነገሩን ቀረብ ብሎ ስላስረዳው ላብራራው። ዋይ ዝርዝሩን ያድሳል። ዩ የተጫኑትን ሁሉ ያድሳል። ዋይን ያለ ዩ ስትል ዝርዝርህ የዛሬ፣ ማሽንህ የባለፈው ወር ይሆናል። አሁን የምትጭነው ፓኬጅ የዛሬውን ላይብረሪ (ፕሮግራሞች የሚጋሩትን ኮድ) ይፈልጋል፣ ስለዚህ አዲሱ ላይብረሪ ይገባል። አሮጌውን የሚጠብቁት ሌሎች ፕሮግራሞች ደግሞ ሲከፈቱ የምጋራው ላይብረሪ የለም ብለው ይቆማሉ። የተቀየረው የምስጠራ ላይብረሪው ኦፕንኤስኤስኤል ከሆነ ፓክማን ራሱ የሚያርፈው በእሱ ላይ ስለሆነ ማስተካከያውም አብሮ ይሰበራል። ከዚያ በኋላ በፍላሽ ቡት አድርጎ «አርች-ሲኤችሩት» ገብቶ መጠገን ነው። የቆጠብከውን ዳታ እጥፍ አድርገህ ትከፍላለህ ማለት ነው። አርች ይህን ዓይነቱን ከፊል እድሳት አልደግፍም ብሎ በግልጽ ጽፏል።

9ኛ። ይህችን ያየ አንድ ተንኮለኛ ወደ እኔ ዞረ። አንዲት ትንሽ ፊደል ስለቀረች ማሽን የሚሰብር አጻጻፍ ነው ምርጥ ያልከው? አለኝ። በደንብ የተሳለ ምት ነው፣ ሰውም ጭብጨባውን አቀለጠው።

10ኛ። መላሹ እኔ ነኝ። ችግሩ አጻጻፉ ሳይሆን የአርች አካሄድ ነው፣ ሁልጊዜ ወደፊት ስለሚንቀሳቀስ። ትዕዛዙን «አርች አፕዴት» ብለህ በሙሉ ቃል ብትሰይመውም ዝርዝር አድሰህ ሲስተሙን ከተውክ ያው ነው የሚሆነው። 9ኛው አልተዋጠለትም። ጥሩ አጻጻፍ አደገኛውን መንገድ አስቸጋሪ ያደርጋል እንጂ አያሳጥርም ብሎ ሄደ።

11ኛ። ነገሩን ወደ ሌላ ጎን የወሰደው ይህ ነው። ቃልም ሆነ ፊደል ሰውን አያድንም አለ፣ ማስረጃውም የ2021 ነው። ታዋቂው የዩቲዩብ ሰው ላይነስ ሴባስቲያን ፖፕ ኦኤስ በሚባለው ሊኑክስ ላይ የጌም መደብሩን ስቲምን ሊጭን «አፕት-ጌት ኢንስቶል ስቲም» አለ። ከዚህ በላይ ግልጽ ትዕዛዝ አይገኝም። አፕት ግን ፓኬጆቹ መሃል በነበረ ግጭት ምክንያት ስቲምን ለመጫን ዴስክቶፑን በሙሉ ማጥፋት ነበረበት። ያንንም ተናግሯል። አዎ፣ ያልኩህን አድርግ የሚል ሙሉ ዓረፍተ ነገር በእጁ እንዲጽፍ ጠይቆታል። ሰውዬው ጻፈ። ዴስክቶፑ ጠፋ። ማስጠንቀቂያው በብዙ የፓኬጅ ስሞች ናዳ መሃል ነበር የተቀበረው።

ከዚያ ወዲህ አፕት አስፈላጊ ፓኬጆችን በዚህ መንገድ እንዳያጠፋ ጠበቅ ተደርጓል። በ2025 የወጣው አፕት 3.0 ደግሞ የሚጠፉትን በቀይ ቀለም ለይቶ ያሳያል፣ ዝርዝሩንም በዓምድ ያስቀምጠዋል። ስለዚህ የምንጽፈውን ብቻ ሳይሆን እሱ መልሶ የሚያነብልንንም እናወዳድር አለ። እኔ ፓክማን ሲያጠፋ የሚያሳየው ዝርዝር ደረቅ እንደሆነ አልክድም።

12ኛ። የኦፕንሱዜው ብቸኛ ተጠቃሚያችን። ሁሌም ማንም ሳይጠይቀው ይመጣል፣ ሁሌም የሚናገረው ትክክል ነው። ዚፐር ሁለቱንም ይሰጥሃል አለ። ለጀማሪ «ዚፐር ኢንስቶል»፣ ለለመደው «ዚፐር ኢን»። ማጥፋት «አርኤም»፣ መፈለግ «ኤስኢ»። ውጤቱንም በሰንጠረዥ ያወጣዋል፣ የጫንከውንም ምልክት ያደርግልሃል። «ዚፐር ፒኤስ» ብትል ከእድሳት በኋላ አሮጌውን ፋይል ይዘው የሚሮጡ ፕሮግራሞችን ይነግርሃል። ሁልጊዜ በሚታደሰው የኦፕንሱዜ እትም በታምብልዊድ ላይ ግን «አፕ» ሳይሆን «ዱፕ» በሉ ብሎ አስጠነቀቀ። 3ኛው ወዲያው አንድ ተጨማሪ ቃል አንድ ተጨማሪ ወጥመድ ብሎ መዘገበው።

13ኛ። የአልፓይን ሰው በአጭሩ። «ኤፒኬ አድ»፣ «ኤፒኬ ዴል»፣ አለቀ። ለኮንቴይነር «--ኖ-ካሽ»። የጠየቅካቸው ፓኬጆች በሙሉ «ዎርልድ» በምትባል አንዲት የጽሑፍ ፋይል ውስጥ ይቀመጣሉ፣ ከፍተህ ታነባታለህ። ለግንባታ ብቻ የሚያስፈልጉህን ደግሞ በ«--ቨርቹዋል» አንድ የጋራ ስም ሰጥተህ ትጭናቸዋለህ፣ ስትጨርስ በዚያው ስም ሁሉንም አንድ ላይ ታጠፋቸዋለህ። ይህችን እኔም በየቀኑ እጠቀምባታለሁ፣ ፓክማን ቢኖራት ብዬ የምቀናባት ናት።

14ኛ። ጄንቱ፣ ፓኬጆቹን እዚያው ማሽንህ ላይ ከኮድ የሚገነባው ሊኑክስ። «ኢመርጅ -ኤ-ቪ-ዩ-ዲ-ኤን @ዎርልድ» ብሎ ለጠፈና፣ መብራት ሳይሄድ ከጨረሰ ነገ እመለሳለሁ ብሎ ወጣ። እስካሁን አልተመለሰም።

15ኛ። የስናፕ ጦርነት። ስናፕ ኡቡንቱ ከአፕት ጎን ያመጣው ሌላ የፓኬጅ ዓይነት ነው። ይህን ክፍል ባልዘግበው ደስ ባለኝ። ኡቡንቱ 22.04 ላይ «አፕት ኢንስቶል ፋየርፎክስ» ብለህ ስናፕ መምጣቱ አንዱን አናደደው፣ በአፕት የጠየቅከው በአፕት ካልመጣ ትዕዛዝ ማወዳደር ከንቱ ነው አለ። ሌላው ሊኑክስ ሚንት በ2020 ክሮሚየም በዚሁ መንገድ ስናፕን እንዳያስገባ በሩን እንደዘጋ አስታወሰ። ከዚያ ስድብ ተጀመረ። አወያዩ የተወሰኑትን አጠፋ። የሚገባቸው ነበር።

16ኛ። እህታችን መጣችና ከአቧራው መሃል ዋናውን ነገር አነሳች። አዲስ ማሽን ላይ መጀመሪያ የምትጭነው የግዕዝ ፊደል ፎንት ነው። «ኢንስቶል» የሚለውን ሁሉም ጋ ታውቀዋለች። የማታውቀው ስሙን ነው። ዴቢያን ላይ «ፎንትስ-ሲል-አቢሲኒካ»፣ ፌዶራ ላይ «ጉግል-ኖቶ-ሳንስ-ኢትዮፒክ-ፎንትስ»፣ አርች ላይ ደግሞ ከሌሎች ቋንቋዎች ጋር «ኖቶ-ፎንትስ» ውስጥ ተጠቅልሏል። ኦፕንኤስኤስኤልን ተጠቅማ ፕሮግራም ለመገንባትም ያው ፈተና ነው። ዴቢያን «ሊብኤስኤስኤል-ዴቭ» ይላል፣ ፌዶራ «ኦፕንኤስኤስኤል-ዴቨል»፣ ኦፕንሱዜ «ሊብኦፕንኤስኤስኤል-ዴቨል»፣ አልፓይን «ኦፕንኤስኤስኤል-ዴቭ»፣ አርች «ኦፕንኤስኤስኤል» ብቻ። የዌብ ሰርቨሩ አፓቺ እንኳ ዴቢያን ላይ «አፓቺ2»፣ ፌዶራ ላይ «ኤችቲቲፒዲ» ነው። እናንተ በግሡ ስትጨቃጨቁ እኔ ስሙን ፍለጋ ላይ ነኝ አለችን።

17ኛ። ለእሷ ጥሩ መልስ መጣ። ስሙን ከመገመት በፋይሉ ፈልጊ አላት። «ዲኤንኤፍ ፕሮቫይድስ»፣ «አፕት-ፋይል ሰርች»፣ «ፓክማን -ኤፍ»። የመጨረሻው መጀመሪያ አንዴ «-ኤፍ-ዋይ» ይፈልጋል። ፌዶራና ኦፕንሱዜ ላይ ደግሞ በፓኬጁ ስም ፋንታ ፒኬጂኮንፊግ ብለሽ በቅንፍ ውስጥ ኦፕንኤስኤስኤል ብትጽፊ ትክክለኛውን ራሱ ያመጣዋል። ቅንፉን ሼሉ እንዳይበላው በነጠላ ትምህርተ ጥቅስ ክበቢው። እህታችን ሞክራ ሠራ ብላ ጻፈች።

18ኛ። ለሁሉም ማሽን አንድ ዓይነት አሊያስ (ለትዕዛዝ ራስህ የምትሰጠው ስም) ጻፉ፣ ከዚህ ሁሉ ጣጣ ትገላገላላችሁ የሚል ሐሳብ።

19ኛ። 18ኛውን ተቃወመ። የራስህ ማሽን ላይ ያምርብሃል፣ የደንበኛ ሰርቨር ላይ ስትገባ ግን አሊያስህ የለም፣ ትክክለኛውንም ረስተኸዋል። ከዚያ ማንም ያላነሳውን አነሳ፣ መመለስን። «ዲኤንኤፍ ሂስትሪ አንዱ» ያደረግከውን ቁጥሩን ጠቅሰህ ያስቀለብስሃል። ኦፕንሱዜ ላይ ፋይል ሲስተሙ ቢቲአርኤፍኤስ ከሆነ ዚፐር ከመንካቱ በፊትና በኋላ ስናፐር የሚባል መሣሪያ የሲስተሙን ቅጂ ያስቀምጣል። ፓክማን የሚሰጥህ ሎግና ካሽ ውስጥ የቀረውን አሮጌ ፋይል ነው፣ ቀሪው በእጅህ። ይህን አልከራከረውም። በአጻጻፍ ፓክማን እላለሁ፣ በመመለስ ግን ዲኤንኤፍ ይቅደም።

20ኛ። 1ኛው መምህር ተመለሰ። 3ኛውንና 16ኛዋን አንብቦ ለሚቀጥለው ክፍል ሰንጠረዥ እያዘጋጀ ነው። ዓምዶቹ በትዕዛዝ ሳይሆን በሥራ ነው የሚከፈሉት፦ ዝርዝር ብቻ የሚያድስ፣ ፓኬጅ የሚቀይር፣ ምንም የማይነካ። አርች ዊኪ ላይ ሮሴታ የሚባል የማወዳደሪያ ገጽ እንዳለ ጠቆምኩት፣ ከዚያ ይጀምራል።

21ኛ። የኒክስ (ኒክስኦኤስ የሚባለው ሊኑክስ) ሰው። መጠበቅ ነበረብን። እሱ ጋ መጫን የሚባል ትዕዛዝ አያስፈልግም፣ የምትፈልገውን ሁሉ «ኮንፊገሬሽን» ፋይል ላይ ትጽፍና «ኒክስኦኤስ-ሪቢልድ ስዊች» ትላለህ ብሎ በስድስት አንቀጽ አስረዳ። 4ኛው ማን ጠየቀህ አለው። 5ኛው ጋሼ ግን ይቀጥል አሉ፣ ለማወቅ ፈልገዋል።

ሰንጠረዡ ሲደርስ እዚሁ ይለጠፋል። ስለ ኒክስ የምትቀጥሉ እባካችሁ የራሳችሁን ክር ክፈቱ። ስለ ስናፕ የምትቀጥሉ ደግሞ አትክፈቱ።